ፀሐይን የለካው ሳጥን

"ይሄማ አይሠራም!" አሉ ዳኛው፣ የተማሪዬን ሳጥን ክዳን ጠራራ ፀሐይ ላይ ብድግ አድርገው።

አቃቂ ከተዘጋጀው የተማሪዎች የሳይንስ ኤግዚቢሽን እየተመለስኩ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ብግን ብያለሁ።

ሃያት አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ እኔ ፊዚክስ አስተምራታለሁ። የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራው አጎቷ የሰጣትን አንድ ቀይ የኒዮን መብራትና አንድ ፍሎረሰንት፣ ብርሃን በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ገጠመች። ውስጡ ያለው ብርሃን የሚለካ ሴንሰር በየመብራቱ ውስጥ ላለው ጋዝ ብርሃን የተለያየ ቁጥር ያነባል። ወር ሙሉ ለፍታበታለች። ክዳኑ ላይ "እባክዎ አይክፈቱ" ብላ ጽፋለች።

ቦታችን ክፍል ውስጥ ነበር። የክብር እንግዶቹ ፎቶ እንዲያምር ተብሎ ጠዋት አዘጋጆቹ ሜዳ ላይ አወጡን። ክዳኑም የተከፈተው ለፎቶ ነው!

"ለሁለቱም መብራት ቁጥሩ አንድ ነው" አሉ ዳኛው።

"ጋሼ፣ አሁን እኮ የሚለካው ፀሐይዋን ነው" አለች ሃያት።

"ከዳኛ ጋር አትከራከሪ!"

አንደኛ የወጣው ከፎም የተሠራ ሕንፃ ነው። ምንም አይለካም፤ ፎቶ ላይ ግን ያምራል።

ሃያት ሳጥኗን አቅፋ ወደ ሰፈሯ ኮዬ ስትሳፈር "ቲቸር፣ ሴንሰሩ እኮ አልተሳሳተም" አለችኝ።

የናንተንስ ልፋት እንዲህ ክዳኑን ከፍቶ "አይሠራም" ያለ ሰው አለ? ጻፉልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን መናደድ አልፈልግም።