ሶሌ፣ የትዕግስትን ነገር ሳትናገር ሄድክ

ጠዋት ስማይርና ከተማ ባለው ቤቴ በር ላይ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስከፍት "ሰለሞን አርፏል" ይላል። ስህተት ነው ብዬ ዘጋሁት። ደግሜ ስከፍተው ፎቶው ከነሻማው መጥቷል።

አላመንኩም። አሁንም አላምንም። ባለፈው ወር ታሞ ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው ሾርባውን ጨርሶ "ዳዊት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሮ ታገኘኛለህ" ብሎኝ ነበር።

ከዚያ እናንተ ከፎቶው ሥር የጻፋችሁትን ማንበብ ጀመርኩ። "እንደ ሰለሞን ቡድን መገንባት የሚችል ሰው አላየሁም።" "ቲም ማለት ምን እንደሆነ ያስተማረን።" አንዱማ ያቺን አባባሉን በትልቁ ጽፎ ለጥፏታል፦ "መፍትሔ የሌለው ችግር አታምጡብኝ።" ከሥሯ ልብ በልብ ሆኗል።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ግን ተናድጃለሁ፤ ዛሬ ካልተናገርኩ ደግሞ መቼም አልናገርም።

ለማታውቁት፣ ሰለሞን፣ እኛ ሶሌ የምንለው፣ አለቃችን ነበር። ቡፎርድ ሃይዌይ የሚባለው መንገድ ላይ ከአንድ ጨርቅ ቤት በላይ ባለች ክፍል አምስት ሐበሻ ሰብስቦ ሶፍትዌር ያሠራን ነበር። ጎበዝ ነበር፣ አልክድም። በየጠዋቱ ክብ ሠርተን ቆመን ትናንት ምን እንደሠራን፣ ዛሬ ምን እንደምንሠራ እንናገራለን። ችግር ያየ ሰው ይናገራል፣ መፍትሔውን ከያዘ ነው ታዲያ። ካልያዘ ዝም ይላል። ይኸው ነው የምታወድሱት ቡድን። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኛ ጋ ግን ነቅዟል።

አንዱ ደንበኛችን ሕመምተኞችን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ የሐበሻ ድርጅት ነበር። ሾፌሮቹ አብዛኞቹ የወሎ ልጆች ናቸው። የሾፌሮቹን መዝገብ የሚይዘውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስምና የልደት ቀን ከተመሳሰለ ሰውየው ሁለቴ ተመዝግቧል ማለት ነው ብዬ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ አንድ እንዲያደርገው አደረግኩ። ብልጥ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሐበሻ ሆኖ እንዴት ይህ ይረሳል? ስንቱ ነው በስደት ሲመጣ የተወለደበት ቀን አልታወቅ ብሎ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ አንድ የተጻፈለት? ሶሌ ራሱ ጃንዋሪ አንድ ነበር። እናቱ የወለዱት በክረምት እንደሆነ እየነገረን፣ በየዓመቱ ኬክ ይገዛና "መልካም ልደት ለወረቀቱ ሰለሞን" እያለ ይቆርስልን ነበር። እየሳቅን ኬኩ ይተናነቀናል። ያ ሁሉ ትዝ ሲለኝ እወደዋለሁ፤ የበለጠ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ትዕግስት ሥራችንን የምትፈትሽልን ልጅ ነበረች። ልናስረክብ ሦስት ቀን ሲቀረን በጠዋቱ ክብ ላይ ተናገረች።

"ሶሌ፣ ሰይድ አህመድ የሚባሉ ሁለት ሾፌሮች አሉ። ሁለቱም ጃንዋሪ አንድ ናቸው፣ ዓመታቸውም ሴም ነው። ሲስተሙ ሜርጅ አድርጎ አንድ ሰው አድርጓቸዋል።"

"መፍትሔውስ?"

"እሱን እኔ አላውቅም። ኮዱ የዳዊት ነው።"

"እንግዲያው መፍትሔ ስታገኚ ነይ። ቀጥሎ።"

ቀጥሎ እኔ ነበርኩ። ጫማ ጫማዬን እያየሁ "እኔ ጋ ሁሉም ኦኬ ነው" አልኩ።

ካስረከብን በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንደኛው ሰይድ መኪና ገጨ። ከሥራ የታገዱት ግን ሌላው ሰይድ፣ ሎረንስቪል የሚኖሩት የአራት ልጆች አባት ሆኑ። ቢሮ ድረስ መጡ። ወንበር ብንሰጣቸው አልተቀመጡም። "ልጆቼ፣ እኔ ምንም አልገጨሁም። እዚህ ውስጥ ያለው ሰውዬ እኔ አይደለሁም" አሉ ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከቱ።

የድርጅቱ ባለቤት ተከትሏቸው ገባ። ይህን ማን ነው የሠራው ብሎ ጠየቀ። ሶሌ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ "ቴስት የምታደርገው ልጅ ናት ያሳለፈችው" አለ።

ትዕግስት እዚያው ቆማለች። ሁላችንም እዚያው ቆመናል። አንድ ሰው አልተነፈሰም። በማግስቱ ወንበሯ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ ባመለከተች ቁጥር ወሬው ቀድሟት ይደርስ ነበር፤ እዚህ አገር ያለነው ሐበሾች እንደሆንን እንተዋወቃለን።

ሶሌ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ወር ልጠይቀው የሄድኩ ቀን ግን ራሱ አነሳው። "ትዕግስት ጥፋት አልነበረባትም። እደውልላታለሁ፣ ቁጥሯን ላክልኝ" አለኝ። መኪናዬ ጋ ሳልደርስ ላክሁለት።

ዛሬ ጠዋት ትዕግስትን በጽሑፍ ጠየቅኋት። መልሷ ይኸው ነው፦ "ነፍሱን ይማር። አልደወለም።"

ስለዚህ እኔ ልናገር። ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያየችው እሷ ናት። የዋሸው ሶሌ ነው። ያን ቀን አብረን የቆምን ሁላችን ደግሞ አፍ እያለን ዝም ብለናል። እናንተ ሦስታችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ልብ ከመለጠፋችሁ በፊት ደውሉላት። እናንተም ወሬውን ሰምታችሁ በር የዘጋችሁባት፣ አሁን ሰምታችኋል።

ሶሌ፣ ነገ ለቅሶህ ላይ ወንበር የምደረድረው እኔ ነኝ። ሳጥንህንም እሸከማለሁ። አለቅሳለሁም፣ ራሴን አውቀዋለሁ። የወረቀቱንም የእናትህንም ሰለሞን ነፍስ ይማር።

ግን ቁጥሯ አንድ ወር ሙሉ ስልክህ ውስጥ ነበር። ዛሬ ችግር ይዤብህ መጥቻለሁ፣ መፍትሔ የለኝም። መፍትሔው አንተ የምትደውለው ስልክ ነበር። ደህና ሁን።