የእኩል ሰዓት ምሳ

የሮቢ ወንዝ በበጋ ሲሳሳ፣ ከሸዋ ሮቢት በታች ያለን ሰዎች ሁሉ ስለ ፍትሕ አዋቂ እንሆናለን። በተለይ ማሳው በመስኖ ቦዩ አናት ላይ ያለ ሰው ስለ ፍትሕ ሲናገር አፉን የሚይዘው የለም።

የእናቴ የሽንኩርት ማሳ ያለው በቦዩ ጭራ ነው። ከእሷ በታች ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ቁራሽ መሬት አለቻት፤ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ ነው። ድሮ ውሃ ሲያጥር፣ የውሃ አባት የምንላቸው ሽማግሌ ተራውን ከጭራ ያስጀምሩ ነበር። "የላዩ ሰው ውሃው ሲያልፍም አይቶ ይጽናናል፤ የታቹ ምን ይይ?" ይሉ ነበር። አዲሱ የመስኖ ኮሚቴ ይህን ኋላ ቀር ብሎ ሻረው። ማሳቸው ከቦዩ አፍ ላይ የሆነው ሊቀመንበር ሰዓት የሚቆጥሩበትን ስልካቸውን ከፍ አድርገው፣ "ከእንግዲህ ለሁሉም እኩል ሰዓት! ስልክ አያዳላም" አሉ። አጨበጨብን። እኩልን ማን ይጠላል?

ተራችን ደረሰ። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ውሃው ከላይ ሲለቀቅ ነው። ውሃው የደረቀውን ቦይ እያጠጣ፣ የአይጥ ጉድጓድ እየሞላ፣ እየተንቀራፈፈ መጥቶ የእናቴን መደብ ጫፍ ገና ከማራሱ ሰዓቱ አለቀ ተብሎ ተዘጋ። እናቴ አካፋዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። የዓመት ቀለባችን ያ ሽንኩርት ነው። አቤት ብትል፣ "እኩል ወስደሻል" አሏት። የማስተምርበትን ከተማ ትቼ እሷን ለማገዝ ወርጄ ነበርና ደሜ ፈላ። እሷ ግን ኮሚቴውን ለእሁድ ምሳ ጠራች።

ጾሙ ገና ስላልገባ ዶሮ አረደች። ኮሚቴዎቹ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ለክብራቸው ከሁሉ ራቅ ብሎ ካለው መደብ ላይ ተሰየሙ። እናቴ ከጓዳ ሆና፣ "አንተ፣ በስልክህ ሁለት ደቂቃ ቁጠር!" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ጋሼ ሊቀመንበር፣ ተራዎ ጀምሯል" አለች።

ወጡን ይዛ ወጣች። አካሄዷ አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው ነበር። ደጃፉ ላይ ቆማ ድመቷን ገፋች፤ ምሰሶው ጋ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካከለች። ልክ ከሊቀመንበሩ ፊት ስትቆም ስልኬ ጮኸ።

"ሰዓትዎ አለቀ። ስልክ አያዳላም" ብላ ወጡን ይዛ ወደ ጓዳ ተመለሰች። የታጠበ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም። "በይ ገባኝ እቴ፣ አምጪው" አሉ።

በማግስቱ የእኛ ሰዓት ውሃው ማሳችን ከደረሰ በኋላ መቆጠር ጀመረ። ሽንኩርቱ ቀና አለ። የእኛ ማሳ ሲጠወልግ ያልታያቸው ነገር፣ ምሳ ትንሽ ሲዘገይባቸው ወለል ብሎ ታያቸው።

ለካ የተስተካከለው የእኛ ተራ ብቻ ኖሯል። ጎረቤታችን አሁንም በደረቀ ቦይ ዳር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሊቀመንበሩን ብጠይቅ፣ "እሷ መች አመለከተች?" አሉኝ። ተናድጄ ማመልከቻ ልጽፍላት ተነሣሁ።

"ወረቀትህን ተወው" አለች እናቴ። ከቆጡ አንድ ዶሮ አውርዳ ቦዩ ዳር ድረስ ሄዳ ጎረቤታችንን አስታቀፈቻትና፣ "በይ፣ አንቺም ምሳ ጥሪ" አለቻት።