አያሌው ያሠራቸውን ቤቶች ልመረምር ስሄድ

ሰኞ፣ ንጋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት፤ ደብረ ታቦር

ጨው በጫነ መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ወደ ጋይንት እየሄድኩ ነው። የገበሬ ማኅበራት ጧሪ ለሌላቸው ሽማግሌዎችና አካል ጉዳተኞች የሠሯቸውን ቤቶች ክረምቱ ሳይገባ እንድመረምር አውራጃው ልኮኛል። ያሠራቸው አያሌው ነው። በአንድ ቀን ተቀጥረን፣ አንድ ጠረጴዛ ተካፍለን የኖርን ሰዎች ነን። ባለፈው ስብሰባ ተመስግኖ ሲጨበጨብለት እኔም አጨበጨብኩ፤ ግን ከልቤ አልነበረም።

ሾፌሩ ጉዳዬን ሲሰማ ሳቀ። «ያያሌውን ቤት? እሱማ ምን ቁጥጥር ያሻዋል! እናቴን ባስገባልኝ።»

እስከ ንፋስ መውጫ የተኛሁ መስዬ ሄድኩ።

ሰኞ፣ አምስት ሰዓት፤ ንፋስ መውጫ

ነፋሱ ባርኔጣዬን ሁለት ጊዜ ወሰደው። ሽሮ በሰባ አምስት ሳንቲም በልቼ ወደ ከተማው ዳር ወጣሁ። ሁለት እግራቸው የማይታዘዝላቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ እየዳሁ እንዲገቡ በራቸው ያለ ደፍ ተሠርቷል። ምድጃቸውም ተቀምጠው በሚደርሱበት ልክ ነው። ጉድለት ፍለጋ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞርኩት።

«ምን ጠፍቶህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ምድጃ ለእናቴ ሳላስብላት መቅረቴ ይበልጥ አንገበገበኝ። «ደኅና» ብዬ ብቻ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አጠገብ

በቅሎ ተከራይቼ፣ የታረሰ የገብስ ማሳ እያቋረጥኩ ደረስኩ። እዚህ የሚኖሩት የኔታ ዓይነ ስውር ናቸው። ከደጃቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይዘውት የሚሄዱበት ገመድ ተወጥሮላቸዋል። የማን ሐሳብ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከዚያ የመሐሉን ምሰሶ ከሥሩ በሰንጢ ወጋሁት። እስከ እጀታው ገባ። የአገሩ ገበሬ የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ሳይለበልብ ምሰሶ አይተክልም። አያሌው ግን ተቻኩሎ፣ ባሕር ዛፉን እርጥቡን አስተክሎታል፤ በስብሷል። እውነቱን ልናገር፤ ጣራው በሽማግሌ ላይ ሊወድቅ ነው፤ እኔ ግን ደስ አለኝ።

«የኔታ፣ ዛሬውኑ መውጣት አለብዎት።»

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ተቆጣ። «ጓድ፣ እርስዎ ባያሌው እንደሚቀኑ እዚህ ድረስ ተሰምቷል። በቅናት ሽማግሌ ከቤቱ አናስወጣም!»

ሰንጢው እስከ እጀታው መግባቱን ባሳየው ፊቱን አዞረ። በስማዳ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

የኔታ ትከሻዬን ዳስሰው ያዙ። «ልጄ፣ የምታስወጣኝ ስለ ምሰሶው ነው ወይስ ስለ ሰውየው?»

ልዋሽ አስቤ ነበር። «ስለ ሁለቱም፣ የኔታ።»

ሳቁ። «ምቀኛ አታሳጣኝ ማለት ይኸው ነው! ወዳጁማ ምሰሶውን አይወጋውም ነበር። በሉ፣ በትሬን አቀብሉኝ።»

ጎረቤት አስገባናቸው። ሊቀ መንበሩ የምሰሶውን ሥር አስቆፍሮ ብስባሹ በእጁ ላይ ሲፈርስ ሰው ልኮ የድጋፍ እንጨት አስመጣ። ጣራውን በሁለት ባላ ስንደግፍ ዝናቡ ጀመረ።

ዐርብ ጧት፤ ደብረ ታቦር

ሪፖርቱን ለአያሌው በእጄ ሰጠሁት። ይጣላኛል ብዬ መልሴን መንገድ ሙሉ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ቆሞ አነበበው።

«የኔታ ወጡ?»

«ወጥተዋል።»

«እግዜር ይስጥህ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ተቻኩዬ ነበር» አለ፣ ቢሮው ሁሉ እየሰማ። እኔ ብሆን በአናጢው ላይ አላክከው ነበር። ኮቱን አንሥቶ ምሰሶውን ራሱ ሊተክል በዚያው ወደ ጋይንት ወጣ።

ጠረጴዛችን ላይ ብቻዬን ቀረሁ። በዚህም ቀናሁበት።