ቁርስ ያልነበረበት ምዕራፍ

ልብ ወለዴን የማርመው ለአክስቴ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነበር። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ላይ ነበርን፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ዘጠነኛ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ምንም አያመልጠውም። ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ረቂቄን ይዤ እወጣለሁ፤ እሳቸው ሹራብ እየሠሩ ያዳምጣሉ። ያልጣማቸው ቦታ ስደርስ እጃቸው ይቆማል፤ እኔም እየተናደድኩ በእርሳስ አሰምርበታለሁ። አድናቆት ከሳቸው አይጠበቅም። "ይሁን" ካሉ ምዕራፉ አለቀ ማለት ነው።

አንዱ ምዕራፍ ግን አልሆን አለ። ባለታሪኳ የአባቷን ሞት የምትሰማበት ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ስልክ ይደወላል፣ ታነሣለች፣ ይነገራታል፣ በቃ። በማጠሩ ኮርቼ ነበር። የአክስቴ እጅ ግን ቆመ።

"ኮል አድርጎ መርዶ ይነገራል?" አሉ። "ያውም በባዶ ሆዷ። ሰው የላትም እንዴ?"

የዛሬ አንባቢ ዘመድ እስኪሰበሰብ አይጠብቅም ብዬ ተሟገትኩ። አልሰሙኝም። ዘመድ በማለዳ ይመጣል፣ መጀመሪያ ያበላታል፤ ከሰማች በኋላ እህል በጉሮሮዋ አይወርድም አሉኝ። በሁለተኛው ረቂቅ ዘመዶቿን በማለዳ አመጣሁ፣ ቁርሱን ግን ረሳሁት፤ አሁንም እጃቸው ቆመ። በሦስተኛው እንቁላል ጠበስኩላት፣ ሻይ ቀዳሁላት፣ በልታ ስትጨርስ አረዳኋት። "ይሁን" አሉ። እውነቱን ለመናገር ምዕራፉ አምሮበት ነበር፤ ይህን ግን ለሳቸው አልነገርኳቸውም።

በዚያው ሰሞን የራሴ አባት አዲስ አበባ ታሞ ተኝቶ ነበር። በደወልኩ ቁጥር ተሽሎታል፣ አሁን እንቅልፍ ወስዶት ነው ይሉኛል። ማመን ስለፈለግኩ አመንኩ።

አንድ እሑድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። አክስቴ ናቸው። ከኋላቸው ዳንፎርዝ የሚኖሩት የአጎቴ ልጆች ቆመዋል፤ ባቡሩ ገና ሥራ ሳይጀምር ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ በመኪና መጥተዋል። ናፍቀሽን ነው አሉና ምንጣፉን እያዩ ተቀመጡ። ቅዳሴ ሳያልቅ እህል ስቀምስ ካዩኝ የሚቆጡኝ አክስቴ፣ በቀጥታ ወደ ኩሽና ገብተው እንቁላል ሰበሩ።

"ቁርስሽን ብዪ ልጄ" አሉኝ፣ ሳህኑን ፊቴ አስቀምጠው።

ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ይህን ሳህን እስክጨርስ ድረስ አባቴ አልሞተም ብዬ አሰብኩ፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ አኘክሁ። እንቁላሉ ጨው በዝቶበት ነበር፤ አክስቴ ጨው አብዝተው አያውቁም። ሻዩ ቀዘቀዘ። ማንም አላስቸኮለኝም። ከአጎቴ ልጆች አንዷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

ሳህኑ ላይ አንዲት ጉርሻ ስትቀር እጄ አልታዘዝ አለኝ።

"እትዬ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ" አልኳቸው።

አክስቴ ፊቴን አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው ሌላ እንቁላል ሰበሩ።