ፈርተሃል የተባለው ፀጉር አስተካካይ

ደንበኞቹ «ሐር እጅ» ነው የሚሉት። ምላጩ ጉንጭ ላይ ሲያልፍ አይታወቅም፤ አንዳንዱ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስደውና ፊቱ በቀዝቃዛ ፎጣ ሲጠረግ ነው የሚባንነው። እንዲህ ያለ ሰው እጁ ተንቀጠቀጠ ቢባል ማን ያምናል? ተንቀጠቀጠ ግን።

መጀመሪያ የታየው ታላቅ ወንድሙን ሲላጭ ነው። ጋሼ ነው የሚለው፤ አባታቸው ሲሞት ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ ሱቁንም የከፈተለት ጋሼ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣና መስተዋቱ ፊት ተንሰራፍቶ ተራ ለሚጠብቁት ሁሉ ያወራል። «ይሄ እኮ ከልጅነቱ ድንጉጥ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ልሁን ብሎኝ ነበር፤ አንተ ልጅ መንገድ ትፈራለህ አልኩት። ይኸው ዛሬ ጥላ ስር ቆሞ ይሠራል!» ሰው ይስቃል። ሐር እጅም አብሮ ይስቃል። አንድ ቅዳሜ ታዲያ እየሳቀ ሳለ ምላጩ ተንሸራተተና የጋሼን አገጭ ጫረው።

«አይዞህ፣ ፈርተህ ነው» አለው ጋሼ፣ ደሙን በፎጣው ጥግ እየጠረገ።

የቅዳሜው መንቀጥቀጥ ውሎ አድሮ ሰኞም ማክሰኞም ይመጣ ጀመር። ሐኪሙ ነርቩንም ደሙንም መረመረ፤ ምንም የለም። ሚስቱ «ጋሼ እንዳለው ፍርሃት ቢሆን ነው» አለች። በመጨረሻ ጤና ጣቢያው፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክብ ሠርተው ወደሚነጋገሩ ሰዎች ላከው።

እያጉረመረመ ሄደ። ክፍሉ ጠዋት ጠዋት ሕፃናት የሚከተቡበት ነው፤ ጥግ ላይ የሕፃናት ሚዛን ተቀምጧል፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ሲቀመጡባቸው ይንጫጫሉ። የምትመራቸው ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነርስ ናት።

«እዚህ ቤት ሦስት ነገር አናምታታም» አለችው። «መጀመሪያ ሰውነትህ ላይ ያለውን ንገረን። ሙቀት ነው? ክብደት ነው? የት ጋ ነው? ቀጥሎ፣ ይመቻል ወይስ ይጎረብጣል? ያነሳሳል ወይስ ያደክማል? ስሜቱን በስሙ የምንጠራው መጨረሻ ላይ ነው። ስሙን የሚያወጣውም ባለቤቱ ብቻ ነው።»

አንድ ጡረተኛ መምህር ተራው ደርሶ፣ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ሆዱ ባዶ ባዶ እንደሚለው አወራ። «ረሃብ መስሎኝ ስበላ ከረምኩ፤ ለካ ናፍቆት ነው!» ብሎ ቦርጩን መታ መታ ሲያደርግ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሐር እጅ ግን ቶሎ ሊገላገል ፈለገ። «እኔ ፈሪ ነኝ፤ በቃ።»

«እሱ ስም ነው» አለች ነርሷ። «ማን ነው ያወጣልህ?»

«እለፉኝ» አለ። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲያጫውት የሚውል ሰው ተራውን አሳልፎ ሰጠ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ራሱ ጀመረው። ልጁ ገበያ መሃል የጠፋችበትን ቀን አስታወሰ፤ ያኔ ጉልበቱ ከዳው፣ እጁ በረዶ ሆነ፣ ሰውነቱ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። የቅዳሜው እንደዚያ አይደለም። ከሆዱ ሙቀት ይነሳል፣ መንጋጋው ግጥም ይላል፣ እግሩ ወለሉን ይረግጣል።

«ያነሳሳሃል ወይስ ያደክምሃል?»

«ያነሳሳኛል እንጂ! ወንበሩን ከነጋሼ ብወረውረው ደስታዬ!»

አጠገቡ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ «ይሄማ...» ብላ ስትጀምር ነርሷ ጣቷን አነሳችባት። ሁሉም ጠበቁት። ፊቱ ቀስ በቀስ ቀላ።

«ንዴት ነው» አለ። «ተናድጃለሁ። ያውም የቆየ።»

ቅዳሜ ጋሼ መጣ፤ አረፋ ተቀባ፤ የሹፌርነቱን ወሬ ጀመረ። አንዱ ጉንጭ ተላጭቶ እንዳለቀ እጁ ተንቀጠቀጠ።

«አየህ፣ ፈራህ። አይዞህ።»

ሐር እጅ ምላጩን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «አልፈራሁም ጋሼ።»

«እጅህ ያሳብቃል እኮ!»

«እጄ የሚለውን የማውቀው እኔ ነኝ። ተናድጃለሁ። መንገድ ፈርቼ አላውቅም።» «የፈራኸው አንተ ነህ» የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። እሱን ጋሼ ራሱ ይወቀው።

«ያሳደግኩህ እኔ!»

«አሳድገኸኛል። ውለታህን አልክድም። የውስጤን ግን ከዛሬ ጀምሮ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ጋሼ ብድግ አለ። ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መንገድ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ሐር እጅ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተመዘገበ። የመጀመሪያ ቀን መሪውን ሲይዝ እጁ በረዶ ሆነ፣ ጉልበቱ ከዳው። «ይሄኛው ፍርሃት ነው» አለው አሠልጣኙን፤ ማርሽ አስገባና ነዳ።

እናቱ አስጠሩት። «ሂድና የወንድምህ እግር ላይ ውደቅ!»

«እማዬ፣ ሰው ፊት ስላዋረድኩት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ስለተናደድኩ ግን አልጠይቅም።»

እንዳለውም አደረገ። ጋሼ በሩን ከፍቶ አዳመጠው፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው። «በቃ ተረሳ። ያኔ ሰው በዝቶብህ ተደናግጠህ ነው።»

«አልተደናገጥኩም ጋሼ።»

«እሺ፣ ደክሞህ ነው።»

«አልደከመኝም። ተናድጄ ነው።»

ጋሼ በሩን ዘጋው። አሁን ፂሙን ሌላ ቦታ ነው የሚላጨው። ሰፈሩ «ውለታ ቢስ» ይላል፤ ሐር እጅም ይሰማል። እጁ አልፎ አልፎ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ያኔ ምላጩን ያስቀምጥና ወንበሩ ላይ ያለውን ደንበኛ «አንዴ ታገሰኝ» ይለዋል። ምን እንደሆነ ራሱን ጠይቆ እስኪያውቅ ድረስ ማንም ቢያጉረመርም ምላጩን መልሶ አያነሳም።