በነጠላ ጫፍ የታሰረ ኪኒን

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ፣ የጥጥ እርሻው በተስፋፋበት ዘመን ነው። አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ እንኖር ነበር፤ ባለቤቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነው። በመጣን በዓመቱ የመጀመሪያ ልጄን ወባ ወሰደብኝ። ከዚያ በኋላ የቀረችኝን አንዲት ሴት ልጅ ከዓይኔ አላርቃትም። ሌሊት ቢንቢ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ተነሥቼ በነጠላዬ እሸፍናት ነበር።

መልካ ወረር ጥጥ ሲለቅሙ የከረሙ ሰዎች በጭነት መኪና መጥተው ባቡር የሚጠብቁት ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። ብዙዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። የክሊኒኩ ድሬሰር አንድ ቀን፣ «ቢንቢዋ የታመመውን ነክሳ ነው ጤነኛውን የምትነክሰው» አለኝ። በማግስቱ ውኃ በጣሳ ይዤ ወጣሁ። አዝኜላቸው ነው ብል እዋሻለሁ። ቶሎ ድነው ልጄን እንዳያስነክሱብኝ ነው።

ድሬሰሩ ኪኒን ያድላል፤ እኔ ውኃ እሰጥና መዋጣቸውን አያለሁ። ምላሳቸው ሥር የሚደብቁ ስለነበሩ፣ «አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አንሣ» እላለሁ። «የአፍ ዘበኛዋ መጣች!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አንዲት የወሎ ሴት ግድግዳ ተደግፋ ትንቀጠቀጣለች። የነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል።

«ምንድን ነው የቋጠርሽው?»

«የእርሻው ሐኪም የሰጠኝ ኪኒን ነው።»

«ታዲያ አትውጪውም?»

«ለልጄ ነው፣ እታለም። አምና ይዤው ወርጄ ወባ አስያዝሁት። ወባዋ አገር ቤትም እየተመለሰች ትጥለዋለች። እዚያ ኪኒን የት አለ?»

«አንቺ መንገድ ከቀረሽ ማን ያደርስለታል?»

«አላህ ያደርሰኛል። አንቺ ብትሆኚ ትውጪው ነበር?»

ድሬሰሩ ወባ እንዳይዘኝ ብሎ በየሳምንቱ ለእኔም ይሰጠኝ ነበር፤ እኔ ግን አንድም ቀን አልዋጥኩም። ለልጄ ብዬ በወረቀት ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። የሰው ምላስ ሳስነሣ የእኔን ያየ የለም።

ቤት ገብቼ ጥቅሉን ይዤ ብዙ ቆምኩ። ዝናብ ሲጥል ቢንቢው እንደሚፈላ አውቃለሁ። ልጄ ያን ጊዜ ብትታመም፣ ክሊኒኩም ኪኒን ባይኖረውስ? ግማሹን ላስቀር ብዬ ፈታሁት። ሁሉንም መልሼ ጠቀለልኩትና ወጣሁ።

«እንኪ፣ ይህ ለልጅሽ። ያንን አንቺ ዋጪ።»

ፈታ አየችው። «ከየት አመጣሽው?»

«ከየትም። ዋጪ አልኩሽ።»

ዋጠች። ሳላዛት አፏን ከፍታ ምላሷን አነሣች። «ይኸው፣ ዘበኛዋ፣ ደስ አለሽ?» አለች ጥርሷ እየተንገጫገጨ። ሁለታችንም ሳቅን። ድሬሰሩ ለልጅ ስንት እንደሚሰጥ ነገራት። ባቡሩ ሲመጣ ደግፌ አሳፈርኳት። ልጇ ይዳን አይዳን አላወቅሁም።

ቤት ተመልሼ የቀዘቀዘ ሽሮ በላሁ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነው የገረመኝ፤ ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ምግብ ጨርሼ አላውቅም። ደስ ብሎኛል ለማለት እንኳ ለራሴም አፈርኩ።

በበልጉ ዝናብ ልጄ ታመመች። ክሊኒኩ ኪኒን አላጣም፤ እኔ ግን ሦስት ቀን አጠገቧ ስቀመጥ ያንን ጥቅል አስበው ነበር። ምነው ባልሰጠሁት የሚል ሐሳብ መጣብኝ እንጂ አልሰነበተም። በአራተኛው ቀን ተነሥታ ምግብ ጠየቀች። አብልቻት ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ፣ ጣሳዬን ሞልቼ ወደ ጣቢያው ወጣሁ።