የተልባ ዘይቱን ዱቄት ለማድረግ ወደ መቀሌ

ወልድያ፣ ጎህ ሲቀድ

ሾፌሩ ጀሪካኔን አይቶ እጁን ዘረጋ።

«እህቴ፣ ይሄ ከላይ ይጫናል።»

«ፀሐይ ካገኘው ይበላሻል፤ እኔው እታቀፈዋለሁ።»

«ልጅ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ከልጅ አይተናነስም። ትናንት ከመጭመቂያዬ ያወጣሁት የተልባ ዘይት ነው። መቀሌ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ዘይነባ የሕፃናት ገንፎ ዱቄት እያዘጋጀች ትሸጣለች። ተልባ ለልጆች ጥሩ ነው ብዬ ዘይቴን እንድትቀላቅልበት የወተወትኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ተወደደ። ከረም ሲል ግን ዱቄቱ የመስኮት ቀለም ሸተተ፤ ልጆች ተፉት፤ እናቶችም እየመለሱ ሱቋ ደጃፍ ላይ አስቀመጡላት። «የአሁኑ ካልሆነ፣ ወላሂ ተልባሽን ደጄ አላስደርስም» ብላኛለች በስልክ።

አላማጣ፣ ረፋድ

ሙቀቱ አይጣል ነው! ግመሎች፣ የማሽላ አገዳ የተሸከሙ ጋሪዎች፣ የፓፓያ ክምር። ነጠላዬን በውሃ ነክሬ ጀሪካኑን ጠቀለልኩት። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት የውሃ ላስቲካቸውን አቀበሉኝ፤ «አጠጪው፣ ጓለይ፣ ልጄ፤ ጠምቶታል» አሉኝ። ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀ።

ማይጨው፣ ምሳ ሰዓት

ዳገቱን ተጠማዘን ወጥተን የሐሸንጌን ሐይቅ ካለፍን በኋላ ብርድ ተቀበለን። ሰው ሹራብ ይፈልጋል፤ እኔ ደስታዬን አልቻልኩም። ለዘይቴ ከዚህ የተሻለ አየር የት ይገኛል! ትኩስ ሽሮ በላሁ፤ ጀሪካኑ ጭኔ ላይ ነው።

መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ፣ ከሰዓት በኋላ

የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ዘይነባና የምግብ ሳይንስ መምህሯ ሕይወት ቆመዋል። «እንኳዕ ብደሓን መጻእኪ፣ ሓፍተይ!» ብላ ሕይወት በትግርኛ እንኳን ደህና መጣሽ አለችኝ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። የእህቴ ደንበኛ ነበረች፤ ዱቄቱን ከመለሱት አንዷ። ሌሎቹ ሲቆጡ እሷ ግን ዘዴ አለው አለች።

ቤተ ሙከራው መስኮት ላይ ሁለት ብርጭቆ ነበር። አንዱ ባለፈው የላክሁት ዘይት፣ ሌላው ዘይቱ ገና ትኩስ ሳለ ከዚያው የተሠራ ዱቄት። ዘይቱን አሸተትኩት፤ ቀለም! ዱቄቱን አሸተትኩት፤ ምንም። ሕይወት ትንሽ ቆንጥራ በሙቅ ውሃ ስትበጠብጠው አዲስ የተጨመቀ ተልባ አወደኝ። «እታለም፣ አሽቺ!» ብዬ ጮህኩ። ዘይነባ አሽትታ ብርጭቆውን መለሰችልኝ። በቀላሉ አታምንም።

ቀጥሎ የዛሬው ዘይት ተራ ሆነ። ሕይወት የግራር ሙጫ በውሃ አሟሟችና ዘይቱን ገልብጣ መታችው። ዘይቱ ተለይቶ ከላይ ተንሳፈፈ። «አይዞሽ፤ ቸኩዬ ነው» አለች፤ ሙጫውን አወፍራ፣ ዘይቱን በቀጭኑ እያፈሰሰች ደግማ መታችው። ወተት መሰለ! ይሄንን ወተት ማሽኑ በጋለ አየር ውስጥ እንደ ካፊያ ይረጨዋል፤ ውሃው ሲተን ሙጫው እያንዳንዷን የዘይት ጠብታ ሸፍኖ ይደርቃል። አየር አይደርስባትም፣ ምላስም አያገኛትም። ከታች ባለው ጠርሙስ ነጭ ዱቄት መዝነብ ሲጀምር እጄን አጨበጨብኩ። አንድ ቀን ሙሉ ታቅፌው የመጣሁት ዘይት ነው!

ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ዘይነባ ቤት፣ አመሻሹ ላይ

ዘይነባ ገንፎውን ራሷ አገነፋች፤ ከእሳት ካወረደች በኋላ አዲሱን ዱቄት ቀላቀለችበት። ጎረቤቷን ወይዘሮ ለተብርሃንን አስጠራች። ሴትየዋ ያን ጊዜ ገንፎውን የተፋችውን ትንሽ ልጇን ይዛ መጣች፤ ፊቷ አልተፈታም።

«እንደገና እንዳታስመልሺብኝ።»

ልጅቱ አንድ ጊዜ ቀመሰች። አየችን። ደገመች። እኔና እህቴ እጅ ለእጅ ተያይዘናል። ሳህኑን በጣቷ ጠርጋ ላሰችው።

ወይዘሮ ለተብርሃን ባዶውን ሳህን አንስታ አሸተተች፤ አዙራ ደግማ አሸተተች።

«ዘይቱስ የት አለ?»

ዘይነባ እየሳቀች በጣቷ የልጅቱን ሆድ ነካ አደረገች።